«ልቀቅላት» ያልኩ ጊዜ

እዚህ ጉዳይ ውስጥ የገባነው አራት ነን። አንደኛዋ ልጄ፣ የሃያ ሁለት ዓመት የራግቢ ተጫዋች። ሁለተኛዋ እናቷ። ሦስተኛው ከእኔ ጋር መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ጎረቤታችን፣ ልጄ ጋሼ የምትለው፣ በሬ የሚያህል ሰው። አራተኛው እኔ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

ልጄ የምትጫወተው ፕሮፕ ሆና ነው። ሁለቱ ቡድኖች ጎንበስ ብለው ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ ፊት መስመር ላይ ክብደቱን የምትሸከመው እሷ ናት። የጨዋታውን ሕግ ማንም አላስተማረኝም፤ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አነበብኩት። ስለዚህ ያወቅሁ መሰለኝ።

በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት ጸደይ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ተጠራች። ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፤ ክለቧ ግን ልምምድ አቁሟል፣ የምትገፋው ሰው የላትም። ጎረቤታችንን፣ በስደት በምንኖርበት ኖርዝላንድ በሚባል አካባቢ ወዳለው ቤታችን ጓሮ ጠራሁት። ከመጀመራቸው በፊት ጠጋ ብዬ፣ «ሴት ልጅ ናት፤ ስትገፋህ ልቀቅላት» አልኩት።

እሱም ጨዋ ነው። ገና ትከሻዋ ሲነካው፣ በር ላይ ትልቅ ሰው እንደሚያሳልፍ ወደ ኋላ አለላት። ልጄ በሙሉ ኃይሏ አየር ገፋችና በአፏ ተደፋች። የፊት ጥርሷ ተሰበረ።

«ጋሼ! ለምን ለቀቁኝ?»

እናቷ ደሙን በፎጣ እየጠረገች፣ «በቃ፣ የትም አትሄድም!» አለች።

«ማም፣ አንድ ጥርስ እኮ ነው።»

«ዝም በይ! አፍሽን ክፈቺ!»

ጎረቤቴ አቀርቅሮ ቆመ፤ አላጋለጠኝም። እኔም ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ስሰብካት የኖርኩ ሰው፣ በእኔ ጥፋት ዕድሏ ሲያመልጣት እንዴት ዝም እላለሁ? «ልቀቅላት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ፎጣው ፊቴ ላይ አረፈ። «እንግዲያው ጥርሷ ይጠገንና አንተ ራስህ ግጠማት» አለች እናቷ። «ብትለቃት ግን ወዮልህ!»

ገጠምኳት። እግሬን ተክዬ ከልቤ ገፋሁ። «ዳድ፣ አሁን ገና ገፋህ!» ብላ እየሳቀች አጥሩ ድረስ ነዳችኝ፤ ሳንቃው ከጀርባዬ ተሰበረ። ጎረቤቴም ተራው ደርሶ የምሩን ሲገፋ ሱሪው ከኋላ ተተረተረ።

«ጋሼን በላችው!» እያለች እናቷ ከደጃፍ ትስቃለች።

ሰው ሲደገፍብህ ድንገት ለቀህ ደግ ሠራሁ አትበል። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም።

ተመረጠች። በሚቀጥለው ዓመት በአገር ማሊያ ስትሰለፍ ሦስታችን በቴሌቪዥን አየናት። እናቷ «እንዳትለቂያት!» እያለች ስትጮህ ድምጿ ሁለት ቀን ጠፋ፤ እሱን አልቆጠርኩትም። ያቺ «ልቀቅላት» ያስከፈለችን ሌላው ይኸው ነው፦ ጥርስ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ የአጥር ሳንቃ ስልሳ፣ የጎረቤቴ ሱሪ ሠላሳ አምስት፣ ወገቤን ታምሜ ከሥራ የቀረሁበት ሁለት ቀን ሁለት መቶ ሰማንያ። በጠቅላላው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ዶላር።