የጋጋሪው ልጅ ዳቦ

ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ቢሠራም አይሆንለትም። አንዴ የቤቱን በር ቀለም ልቀባ ብሎ ተነስቶ ከበሩ ይልቅ ለድመቷ ብዙ ቀለም ደረሳት። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ዳቦ» ይሉታል፤ እሱም ሳይቀየም «አቤት» ይላል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። እሱ ከኋላ ይጋግራል፣ እኔ ከፊት ቆሜ እሸጣለሁ። እሱ ዝምተኛ ነው፤ የሱንም ድርሻ እኔ አወራለታለሁ ብለው ያሙኛል። ይሙኝ፤ ውሸት አይደለም።

ያገባው ዘግይቶ ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇም ምላሷም ፈጣን። እኔና እሷ እንዋደዳለን፣ እንናቆራለንም። ልጅ ሲወለድላቸው ወንድሜ አርባን አልፎ ነበር። የልጅቷ ጉንጭ ዓይኗን ሊሸፍነው ምንም ስላልቀረው «ድንቡሼ» አልናት፣ በዚያው ቀረ። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ያነሳታል፤ እሷም ፊቱን በሁለት እጇ ትይዝና ነጭ ሆና ትወርዳለች። ያን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመት ከሁለት ወሯ ላይ ጎረቤት ቤት የተጠበሰ እንቁላል ቀመሰች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰውነቷ ሁሉ በቀይ በቀዩ ጉብ ጉብ አለ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ አስመለሳት። እናቷ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ይዛት ጤና ጣቢያ በረረች። እዚያ መድኃኒት ሰጧትና ተሻላት። ነርሷ «እንቁላል ሳይሆን አይቀርም፤ አርቁላት፣ ሐኪም ጋም ውሰዷት» ብላ ነበር። እንቁላሉን አራቅን። ሐኪሙን ግን ነገ ከነገ ወዲያ እያልን ተውነው። ልጅ ከዳነ በኋላ ማን ሐኪም ቤት ወረፋ ይይዛል? የኛ ነገር!

ወንድሜ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ከሁሉ ሥራ በፊት ጠረጴዛውን በሙቅ ውሃ አጥቦ ለብቻዋ ያቦካላት ጀመር። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፤ በቃ። ቡጢ የምታህል ዳቦ። ከምድጃ ስትወጣ ቅርፊቷ ድዷን እንዳይጎዳት ዘይት ቀብቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞላት ይሄዳል። ለደንበኛ እንኳ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ሽፍታው ግን ተመለሰ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ሁለት ቀን ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። አሁን መካሪው በዛ። አንዷ «ጥርስ ነው» አለች፣ አንዷ «ሳሙናው ነው» አለች፤ ልጅ አሳድጋ የማታውቀው ደግሞ ከሁሉ ረዥሙን ምክር መከረች። የወንድሜ ሚስት ሁሉንም ሰማች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ወተት ከለከለቻት። ቀጥላ ቲማቲም፣ ቀጥላ ሙዝ፣ ቀጥላ ዓሣ። በመጨረሻ ዳቦውን ስትከለክላት ሽፍታው ጸጥ አለ።

«አላልኩም?» አለችን። «ዳቦው ነው! ልጄን የሚገላት የገዛ አባቷ ዳቦ ነው!»

እንዲህ ስትል ወንድሜ እዚያው ተቀምጦ ነበር። እጆቹን ብቻ ያይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ምሽት ከሥራ ገብቶ እንደ ልማዱ አነሳት። ጉንጯን ደረቱ ላይ አስደገፈች። ወዲያው ጉንጯ ቀላ፣ አበጠ። እናቷ ቀምታ ወሰደቻትና ጮኸች፦ «ዱቄቱ! ከነዱቄትህ አትንካት!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ ልጁን አቅፎ አያውቅም። ሥራ ቦታ ይታጠባል፣ ኮሪደር ላይ ልብሱን ይቀይራል፣ ከዚያም ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ወንበር ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ እንግዳ ይቀመጣል። ልጅቷ ልትሄድበት ስትል እናቷ «አባባ ዱቄት አለው፣ አይነካም» ትላታለች። አምስት ወር። በቁጭት ስንት ጊዜ ምላሴን ነከስኩ መሰላችሁ!

አንዳንዴ ግን አልነክሰውም። ልጅቷ ሩዝ፣ ድንችና ሥጋ ብቻ እየበላች ከሳች፤ ድንቡሼ ብሎ መጥራቱ ራሱ ሹፈት ሆነ። አንድ ቀን ፀጉር ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ የምትሠራት ደንበኛ ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ እያለ፣ «ልጅቷን በረሃብ ልትጨርሻት ነው?» አልኳት። «እትዬ፣ አንቺ ከንፈሯ ሲያብጥ አላየሽም፤ እኔ ነኝ ያየሁት» አለችኝና አለቀሰች። ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ወንድሜ ሊጥ እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ አንድ የዕቃ መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ልገባ ተነጋግሬያለሁ» አለኝ።

ክው አልኩ። «ዘበኛ? አንተ? ሌባ ቢመጣ ዳቦ ልታቀርብለት?»

«ከዱቄት ከራቅኩ ልጄን አቅፋለሁ» አለ። የምቀልድበት አንጀት አጣሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ከሰዓት እናቷ ሥራ በዝቶባት ድንቡሼን እኔ ጋ ተወቻት። ልጅቷ መደርደሪያውን እያየች «አክስቴ፣ ትንሽ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ለደንበኛ ከምንሸጠው ተራ ዳቦ ግማሹን ቆርሼ ሰጠኋት። ልክ ስትውጠው ምን እንዳደረግኩ ገባኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ ሆዷን እያየሁ ሞቼ ተነሳሁ። ምንም አልሆነችም። አንድ ነጥብ እንኳ አልወጣባትም። ተናግሬ ጦርነት ከምቀሰቅስ ብዬ አፌን ያዝኩ። ሦስት ሳምንት ያዝኩት፤ ለኔ ይህ ሪከርድ ነው።

ጤና ጣቢያ ሲመዝኗት ክብደቷ ከአምስት ወር በፊት ከነበረው ቀንሶ ተገኘ። ነርሷ ካርዷን አይታ ሆስፒታል ላከቻቸው፣ የሕፃናት አለርጂ የምታይ ዶክተር ጋ። «እትዬም ትምጣ» አለ ወንድሜ፤ የሚናገርለት ሰው ስለፈለገ ነው። ተያይዘን ሄድን።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የምትል ዓይነት። መቼ በላች፣ በስንት ደቂቃ ወጣባት፣ ማን ሰጣት፤ አንዱንም አታልፍ። የወንድሜ ሚስት ሽፍታው የወጣበትን ቀን ሁሉ የጻፈችበትን ደብተር ይዛ ነበር። ዶክተሯ አገላብጣ አየችና «እነዚህ ሽፍታ የወጣባቸው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። በነዚህ ቀናት የተለየ ነገር አለ?» አለች።

«ጣፋጭ ዳቦ የምንጋግረው ያን ጊዜ ነው» አልኩ እኔ። «እሷ ግን ከሱ አትቀምስም።»

«ከተራው ዳቦስ? ከሱቁ ማለቴ ነው፣ ቀምሳ ታውቃለች?»

ሁለቱም «በጭራሽ» አሉ። ዝም ብል ልጅቷ ናት የምትጎዳው፤ ብናገር የወንድሜ ሚስት ታንቀኛለች። «ታውቃለች» አልኩ። «እኔ ሰጥቻታለሁ። ምንም አልሆነችም።»

የወንድሜ ሚስት ዞራ ያየችኝን አስተያየት እስከዛሬ አልረሳውም። ዶክተሯ ግን ቀደመቻት። «እድለኛ ነዎት እንጂ ጎበዝ አይደሉም» አለችኝ። «ትንፋሽ ቢያጥራት ኖሮ ሱቅ ውስጥ ምን ሊያደርጉላት ነበር? ሁለተኛ እንዳይደግሙት።» በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ተቆጣችኝ፤ ይገባኛል። አፈርኩ።

ቀጥላ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ያው ዱቄት፣ ያው ምድጃ፣ ያው ጋጋሪ። የሱቁን በልታ ደህና ሆነች፤ የራሷን በልታ ሽፍታ ወጣባት። ልዩነታቸው ምንድነው?»

«የሷ ይበልጥ ንጹሕ ነው» አለ። «ምንም የለበትም።»

«በአፍዎ አይንገሩኝ፣ በእጅዎ ያሳዩኝ። ይኸው ጠረጴዛ። ማክሰኞ ጠዋት ነው እንበል።»

ወንድሜ እያፈረ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማቡካት ጀመረ። አፉ ሰነፍ ነው፣ እጁ ግን ወረኛ ነው፤ ሊጡን አየነው ማለት ይቻላል። አድበለበለ፣ ምድጃ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ግራ እጁ ብሩሽ አነሳ፣ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ነከረ፣ ቶሎ ቶሎ ረድፉን ቀባ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ዶክተሯ።

«ጣፋጩ ዳቦ ነው። የሷ ምድጃ ውስጥ እያለ እሱን እንቁላል እቀባዋለሁ፣ እንዲያብረቀርቅ።»

«ይቀጥሉ።»

ብሩሹን ሽርጡ በሚውልበት ቦታ፣ ሆዱ ላይ፣ ወዲህና ወዲያ ጠረገው። ጎንበስ ብሎ የልጁን ዳቦ አወጣ። ያንኑ ብሩሽ ዘይት ውስጥ ነከረና ሊቀባ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ብሩሹን ውሃ አያስነካውም፤ ፀጉሩ ይረግፋል ባይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሽርጡ ጠርጎ የኖረ ሰው፣ ጠረጴዛውን በሙቅ ውሃ ሲያጥብላት ብሩሹ ትዝ አላለውም። ጥሬ እንቁላል ነበር በገዛ እጁ ሲቀባላት የከረመው፣ ድዷን እንዳይጎዳት ብሎ።

«ጉንጯስ? ሲያቅፋት የቀላው?» አለች ሚስቱ፣ ቀስ ብላ።

«ከሽርጡ ወደ ሸሚዙ ያለፈው እንቁላል ይሆናል» አለች ዶክተሯ። «ዱቄቱን ሳትከሱት አትቀሩም፣ በከንቱ።»

ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ! አምስት ወር ሙሉ ስንዴውን ስንወግር እንቁላሉ ሽርጥ ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና «እኔ ነኝ እንዴ?» አለ። «እኔው ነኝ?» ሚስቱ እጁን ያዘችው። ከዚያ በፊት በሰው ፊት እጁን ስትይዝ አይቼ አላውቅም።

የደም ምርመራ ታዘዘ። ውጤቱ እንቁላሉን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ስንዴና ወተቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «ደሙ ብቻውን አይፈርድም» አለች ዶክተሯ። «ዳቦውን እዚህ፣ መድኃኒት አጠገባችን እያለ፣ ዓይናችን ሥር ትበላለች። ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ።» ይህን ስትል እኔን አየች።

ወንድሜ አልጋግርም አለ። «እጄን አላምነውም። ሌላ ጋጋሪ ይሥራው፤ እኔ መጋዘኑ ይሻለኛል።» ለምኜው ለምኜው እምቢ አለ። ያስገረመችኝ ሚስቱ ናት። እሑድ፣ ሱቁ ዝግ ሲሆን፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ከኋላ በኩል ገባች። ቅርጫት ሙሉ አዲስ የመጋገሪያ ዕቃ ይዛለች። «አንተ ጋግረው፣ እኔ ቆሜ አያለሁ» አለችው። ብሩሹን እኔ ቀድሜ ጥዬዋለሁ፤ ሰው እንዳያነሳው ለሁለት ሰብሬ። ወንድሜ እጁን ሁለቴ ታጥቦ ማቡካት ጀመረ። እሷም እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም።

በማግስቱ ሆስፒታል ድንቡሼ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተሰጣት። ጠበቅን። ነርሷ ጀርባዋን ገልጣ አየች። ጣት የምታህል ተሰጣት። ጠበቅን። እኔ ስንት ጸሎት እንደጀመርኩና ስንቱን ሳልጨርስ እንደተውኩ አላውቅም። ወንድሜ በሩ ጋ ቆሟል፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ልጅቷን ሳይሆን ግድግዳውን ያያል። ግማሽ ዳቦ ተሰጣት። ያን ስታይ የሌላውን በሽተኛ ሁሉ ቀልብ እስክትስብ ድረስ በሁለት እጇ ይዛ በላች። ሁለት ሰዓት ቆየን። ቆዳዋ እንደ ነበረ ነው፣ ትንፋሿም እንደ ነበረ።

«ጨርሰናል» አለች ዶክተሯ። «ዳቦ ትብላ። ወተቱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ መንገድ እናያለን። እንቁላል ግን በፍጹም፤ ሽርጡም እዚያው ሥራ ቦታ ይቅር። ከዓመት በኋላ እንደገና እንመረምራታለን፤ ብዙ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል።» ከንፈሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ምን እንደሚደረግ ሁለት ጊዜ አስረዳችን፤ የወንድሜ ሚስት ጻፈችው።

ልጅቷ የተረፈውን ዳቦ ይዛ ከወንበሩ ወረደች። ወደ አባቷ ሄደችና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች፣ እንዳስለመድናት። ዞራ እናቷን አየች።

«ሂጂ» አለቻት እናቷ።

ወንድሜ እጁን ከኋላው ፈታ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳት ምን ያህል እንደቀለለች የዚያን ጊዜ ገና አወቀ መሰለኝ፤ ፊቱን አንገቷ ሥር ቀበረና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ በትከሻው ላይ ዳቦዋን እያኘከች ትንሽ ታገሰችው።

«አባባ፣ ለምን ታለቅሳለህ?»

«ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» አላት። ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የመጣ ሰው!

ሚስቱ ዳቦው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ይዛ ተጠጋችና ፊቱን ጠረገችለት። «እንኳን ገባ» አለች።