ጉቲን ያረፉት ሰው

ይህ ነገር ከእኔ ጋር ሊቀበር ተቃርቦ ነበር። ለባሌ አልነገርኩትም፤ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ስለ እኔ የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናግሬያለሁ፤ ስለ ምላሴ፣ ስለ ቁጣዬ፣ በጾም ስለቀመስኩት ወተት። እዚህ ነገር ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ስለዚህ ዛሬ እናንተ፣ ፊታችሁን የማላየው ሰዎች፣ ስሙኝ። አንገቷን ደፍታ ነው የምትናገረው ብላችሁ ግን እንዳታስቡ። አንገት መድፋት አልተማርኩም። የሠራሁትም ሥራ የሚያሳፍር ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተናግሬው ነበር።

ነቀምት ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። ከጉራጌ አገር በልጅነቴ ከአባቴ ጋር መጥቼ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ፣ ንግዱን ከአባቴ ቁጣ ተምሬ፣ በአገሬው አክብሮት አዴ ብርቄ ተብዬ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢዬ ረጅም የጭቃ ቤት አሠርቼ ጧሪ የሌላቸውን ሽማግሎችና አሮጊቶች አስጠግቼ ነበር። አገሩ ሁሉ «የብርቄ ቤት» ይለዋል። ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ቤቱን የሠራሁት እኔ ብሆንም የምታበላው ግን ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ያለችው የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ያመጡት እህል ግን ሃይማኖቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘግቶ አግዳሚዎቿን ለስብሰባ ሲወስድ የእኛም ጓዳ አብሮ ተዘጋ። ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ አብዮቱ አረጋውያንን እንዴት እንደሚያከብር ረጅም ንግግር አደረገልኝና ባዶ እጄን ሸኘኝ።

የቀረን የሰፈራችን እድር ነበር። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ነጋዴውም፣ መምህሩም ያለበት ጠንካራ እድር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ያወጣል፣ እያንዳንዱ አባወራ ምግብ እያሠራ ለቅሶ ቤቱን ያበላል። አስከሬኑ ሩቅ አገር ቢቀርም፣ መርዶ ከመጣ ያው ነው። ሽማግሎቼን ሁሉ እንደ ቤተሰቤ በስሜ አስገብቻቸው ነበርና ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት እድሩ እንደማይቀር አውቃለሁ። የሞተ አልነበረም እንጂ። ጠኔ ይያዛቸው እንጂ በሕይወት አሉ። ለሰብሳቢው ለኦቦ ነገራ በስብሰባ መካከል ተነሥቼ ለመንኩት።

«አዴ ብርቄ፣ እድር ለሞተ ነው» አለኝ። «ለሚኖር ሰው መንግሥት አለለት።»

«መንግሥትማ ንግግር አብልቶ ሰደደኝ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ስቀው ወደየቤታቸው ገቡ።

ከሽማግሎቼ ጉልበት የነበራቸው ኦቦ ገመቹ ብቻ ነበሩ። አንገር ጉቲን ወርጄ ከመንግሥት እርሻው የተራረፈ በቆሎ እለምናለሁ ብለው በአንድ የጭነት መኪና ተሳፈሩ። ክረምት ነበር። ሄደው ቆዩብን። በቤቱ ያሉት ቀኑን ሙሉ ወደ በሩ እያዩ ይውላሉ፤ እኔ ከሱቄ የማገኛት ሳንቲም ለሁሉም አትደርስ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ኦቦ ዋቅጅራ የሚባል፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ በሥራው የሚኮራ ሰው ነበር። ስለ ዋቅጅራ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ አማርኛው የለቅሶ አማርኛ ነው። ከገጠር መጥቶ ጡሩምባውን ሲረከብ፣ አማርኛ ለሚናገረው ሰፈር የሚለውን ቃል ሰዎች አስጠኑት፤ «አርፈዋል፣ ለቅሶ ድረሱ»፣ «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናችሁ»። ለሱ ማረፍ ማለት መሞት ነው፤ ሌላ ትርጉም አስተምሮት የሚያውቅ የለም። እኛም ሰርግ ላይ «እግዜር ያጽናችሁ» ሲል እየሰማን እንስቅበት ነበር።

ያን ቀን ዝናቡን ሊያሳልፍ ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ሜትሬን ይዤ አቡጀዲ እለካለሁ። ያ ሽማግሌውን የወሰደው ሾፌር፣ የሸዋ ሰው ነው፣ በደጃፉ ብቅ አለና ኮፍያውን እያራገፈ፣

«አዴ ብርቄ፣ ሽማግሌው ጉቲን አርፈዋል። አይጠብቋቸው» አለኝ።

ዋቅጅራ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዋቃዮ!» ብሎ አምላኩን ጠራና በዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሮጠ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ዞሮ አየው፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ፣ «ምን ሆነ ሰውየው? ደህና ናቸው እኮ፤ አንድ ዘመድ ቤት ናቸው። ጭቃው ሲደርቅ አመጣቸዋለሁ» አለ። ክር ከእኔ ገዛና ወደ ጊምቢ መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ሰምቻለሁ። ደህና ናቸው ሲል በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጡሩምባው ተነፋ። በኦሮምኛ ለፈፈ፣ ቀጥሎም በአማርኛው፤ «የአዴ ብርቄ ቤት ሰው፣ ኦቦ ገመቹ አርፈዋል! ለቅሶ ድረሱ!» ሜትሬን ጥዬ እስከ ደጃፉ ሄድኩ። መጮህ እችል ነበር። የእኔ ድምፅ ከጡሩምባው አያንስም፤ ገበያውን ሁሉ የማዝዝበት ድምፅ ነው። ሮጬ ልብሱን መያዝ እችል ነበር። ለምን አልሮጥኩም? ደነገጥኩ እንዳልላችሁ፣ አልደነገጥኩም። ያሰብኩት ነገር አንድ ነው፤ ነገራ ለሞተ ነው ብሎኛል፣ እንግዲህ ሞተ። ያሰብኩት ይህን ነው። እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ድንኳኑ ተተከለ። አግዳሚው መጣ። ምግቡ በየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ከሙስሊሞቹ ቤት፣ ከጴንጤዎቹ ቤት፣ ከነገራ ቤት ሳይቀር። ሽማግሎቼ ጓደኛቸው የሞተ መስሏቸው እያለቀሱ በሉ። አኮ ጫልቱ የምትባል ዓይነ ስውር አሮጊት፣ «ወይ ገመቹ፣ ሞተህም አበላኸን» እያለች ጣቷን ትልሳለች፤ እንባዋ ወጡ ላይ ይወርዳል። እኔ አጠገቧ ሆኜ አጎርሳታለሁ። እውነቱን ነግሬያት እንባዋን ላቁም፣ ወይስ ዝም ብዬ ላጉርሳት? አጎረስኳት። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ አጎርሳታለሁ።

ለቀስተኛው ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አልዋለም። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤቱ ገባ። የሚያፈሰውን ጣሪያ አየ፣ ገለባ የሌለውን መደብ አየ፣ ሽማግሎቹ እንዴት እንደሚበሉ አየ። ለቅሶው በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን ኦቦ ነገራ አንድ ጥግ ተቀምጦ ሲያይ ዋለና በመጨረሻ ተነሣ።

«እኛ ይህን ሰው ሲሞት ልናለቅስለት መጣን» አለ። «በሕይወት እያለ የት ነበርን?» እዚያው ለቅሶው ላይ ተወሰነ፤ ለመቅበር የሚያዋጣ አባወራ ሁሉ ለሚኖሩትም በየወሩ ከእህሉ እንዲያዋጣ፣ ጣሪያውንም እድሩ እንዲከድን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። ይህኛው ለቅሶ እውነተኛ ነበር።

በማግስቱ ሾፌሩ ከጉቲን መጣ። ኦቦ ገመቹ በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ጆንያ ተከናንበው፣ ግቢያችን ገቡ። ድንኳኑን አይተው ወረዱና ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ ማን ሞቶብን ነው?» አሉ።

የሆነውን ጩኸት አልገልጸውም። የሸሸም አለ፣ እልል ያለም አለ፣ አኮ ጫልቱ ፊታቸውን በእጇ እየዳበሰች ሰደበቻቸው። ደስታው ካለፈ በኋላ ግን ቁጣ መጣ። ማነው ያሾፈብን? ማነው በቁሙ ላለ ሰው ያስለቀሰን? አንዳንዶቹ የትናንቱ ውሳኔ ይፍረስ ማለት ጀመሩ፤ በማታለል የተወሰነ ነው አሉ። ሾፌሩ ነገሩ ገባው። አፉን ሊከፍት ሲል ፊቴን አየና ጆንያውን ጥድፍ ብሎ አውርዶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ዋቅጅራ መሃል ወጣ። ጡሩምባውን በብብቱ ይዟል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሾፌሩ አርፈዋል ሲል ሰማሁ። ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ሰማሁ። አዴ ብርቄም እዚያ ነበረች፤ እሷን ጠይቁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዋቅጅራም ዞረ። ተስፋ አድርጎ ነበር፤ እንደምመሰክርለት ርግጠኛ ነበር። «አዎ፣ ብሏል፤ ማንም የሚሳሳተው ስህተት ነው» ብል ያልቅ ነበር። ግን ያን ካልኩ፣ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። ያኔ ጣሪያው ይቀራል፣ እህሉ ይቀራል፣ ብርቄ አታላይ ትባላለች። የትኛውን ይበልጥ ፈራሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ለሽማግሎቹ ነው እያልኩ ለራሴ መለስኩ። አሁን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለስሜም ነበር።

«እኔ ጨርቅ እለካ ነበር» አልኩ። «የተባለውን አልሰማሁም።»

ይህች ናት። ኃጢአቴ ይህች ናት። ዋቅጅራ ለአንድ አፍታ ተሳሳተ፤ እኔ ግን እያወቅኩ ዋሸሁ፣ ከዚያም ስዋሽ ኖርኩ።

ጡሩምባውን ነጠቁት። ኦቦ ነገራ ፍርዱን ሰጠ፤ ስህተቱ የዋቅጅራ ነው፣ ሽማግሎቹ ምን አደረጉ፣ ውሳኔው ይጽና። ዋቅጅራ ራሱ ካሳ እክሳለሁ አለ። ያስለቀስኳቸውን ሽማግሎች ውሃ ቀድቼ አጠጣለሁ አለ። ማንም አላስገደደውም፤ ሰውየው እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲውን ተሸክሞ ከወንዙ ወደ ግቢዬ ሲመላለስ አየሁት። በመንገድ «ዋቅጅራ፣ ዛሬ ማንን ገደልክ?» ይሉታል። መጀመሪያ አብሯቸው ይስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወ። ሳቂታ ነበር ብያችኋለሁ አይደል? አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ ብቻዬን ሳለሁ፣ «አዴ ብርቄ፣ ማሎ፣ እውነት አልሰማሽም?» አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ባልዲውን አንሥቶ ወጣ።

ቤቱ ግን ጠና! ይህን ሳልናገር አልሞትም። ከእኛ እድር አይተው የሌላው ሰፈር እድሮች ለሚኖሩም ማዋጣት ጀመሩ። ከጊዳ አያና ሽማግሎች መጥተው እንዴት እንደምናደርገው ጠይቀውኛል፤ እየዞርኩ አሳየኋቸው። ከኑኑ ቁምባም መጥተዋል። ያ የቀበሌ ሊቀመንበር ሳይቀር እንግዳ እያመጣ «የአብዮቱ ፍሬ ነው» ብሎ ሲያስጎበኝ ከጀርባው ቆሜ ስቄያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በወለጋ ከተሞች ማን ጀመረ? ብርቄ ጀመረች። ኩራቴን ማንም አይነጥቀኝም። ግን አስጎብኚና እንግዳ ሲገባ ሲወጣ፣ ባልዲ ተሸክሞ ጥግ ይዞ የሚያሳልፋቸው አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ዋቅጅራ ሲደክም ራሱ ከቤቱ ሰዎች አንዱ ሆነ። መደብ ሰጠሁት። እስከዚያ ድረስ ሳይክስ የቀረበት ቀን የለም። በሽታው ሲጠናበት አስጠራኝ።

ስገባ ብቻውን ነበር። አሁን እነግረዋለሁ ብዬ ነው የገባሁት፤ ቃሉን መንገድ ላይ አሰናድቼዋለሁ። ግን ቀደመኝ።

«አዴ ብርቄ» አለኝ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ገመቹ ይቅር ብሎኛል። አኮ ጫልቱም ይቅር ብላኛለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ። ቤትሽን ያዋረድኩ፣ በሐሰት ያስለቀስኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ።»

ምክንያት አላቀርብም። ሽማግሎቹን አልጠራም፣ ጣሪያውን አልጠራም። ያኔ ጣሪያው ተከድኗል፣ እህሉ ሞልቷል፣ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። ከእኔና ከሱ በቀር ሰሚ አልነበረም። ታዲያ ምን ከለከለኝ?

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

እጄን ይዞ ሳመኝ። እኔም እጄን አልሳብኩም።