ከማስጠንቀቂያው ጀርባ ያለው ፎቶ

በኮምፒውተር ሳይንስ መመረቄን ለሰው መናገር ከተውኩ ቆይቻለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ይህን ካልክ ወይ የተሰበረ ስልክ አውጥተው ይሰጡሃል፣ ወይ «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይሉሃል። ለስልኩ መላ አላጣም፤ ለጥያቄው ግን መልስ የለኝም። በዚያ ሰሞን የምሠራው ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። የሞባይል ዳታ በከተማችን ከተዘጋ ስለከራረመ ኢንተርኔት የፈለገ ሁሉ፣ ተማሪውም የመንግሥት ሠራተኛውም፣ የኛን ባለገመድ መስመር ፍለጋ ይመጣል። መጥቶም ብዙውን ጊዜ ተናዶ ይሄዳል፤ ንዴቱ የሚያርፈው ደግሞ እኔ ላይ ነው።

የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ሲቀበሉና ቀን ሲጽፉበት ስለኖሩ ቀን ከእጃቸው አይወጣም። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ያማትቡና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ሄደው ዕለቱ የማን እንደሆነ ያያሉ። «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ክርክር አልፈልግም» ይሉኛል። ነገ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያገኛሉ። ሥራዬን ባልወደውም እሳቸውን እወዳቸው ነበር።

ከደንበኞቻችን መካከል ልጃቸውን የሚፈልጉ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከደሃና ወረዳ ናቸው። በገበያ ቀን ገብስ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። ገብሱ ከተሸጠ በኋላ አህያዋን በራችን አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ያስሩና ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አራግፈው ይገባሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ተነስቶ በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ሳውዲ ለመግባት ነው። ከየመን አንድ ጊዜ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ስልኩ የደላላው ነው» አለና ተዘጋ። በዚያ ቁጥር ሲደወል ዓረብኛ የሚናገር ሰው ያነሳ ነበር። ከጊዜ በኋላ እሱም ማንሳቱን ተወ።

የተጠፋፉ ዘመዶችን የሚያገናኙ ሰዎች ቀደም ብለው ወደ ከተማችን መጥተው፣ ትንሽ ቢሮ ከፍተው፣ ፎቶ ያነሱ ነበር። የሚያነሱት የጠፋውን ሳይሆን የፈላጊውን ፎቶ ነው። ነገሩ ብልሃት ነበረው። የእናትየዋ ፎቶ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ስም አይጻፍበትም። ልጁ ባለበት አገር ሆኖ ገጹን ሲያገላብጥ የእናቱን ፊት ያያል። ከፎቶው ሥር «የሚፈልጉት እኔን ነው» የምትል ቁልፍ አለች፤ እሷን ከተጫነ እኛ ዘንድ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። እንዲህ ሆነው የተገናኙ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ እኔ ግን አንድም አላየሁም።

እንግዲህ እናትየዋ በገበያ ቀን ሊያዩ የሚመጡት የራሳቸውን ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ካሜራውን ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው አፍጥጠው ያዩታል። እኔ ገጹን እከፍታለሁ፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ራሳቸውን ያያሉ፤ ከሥሩ ምልክት እንደሌለ እነግራቸዋለሁ።

«እሱ ግን ያየኛል፣ አይደል?»

«ከከፈተው ያየዎታል፣ እማማ።»

«ይሁን እንግዲህ» ይሉና አህያቸውን ፈትተው ይሄዳሉ።

ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ሲጠፋም እንደ ልማዱ በቶሎ አልመጣም። በመጣ ጊዜ ሁለቱን ኮምፒውተሮቻችንን አበራናቸው። ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ቀኑንና ሰዓቱን የምትይዝ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ የሁለቱም አልቃለች። ከዚያ ወዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ ቀኑን ረስተው ይነሳሉ። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ሰቆጣ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ጋሼ ግን ደስ አላቸው። «ይህንንስ ለኔ ተወው» ብለው በየጠዋቱ ቀኑን ማስገባት የሳቸው ሥራ ሆነ። መነጽራቸውን አድርገው፣ አንዴ ግድግዳውን አንዴ ስክሪኑን እያዩ፣ በአንድ ጣት ይሞሉታል።

ኢንተርኔቱ ግን በዚያው ሰሞን አበደ። የምንከፍተው ገጽ ሁሉ በቀይ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። በእንግሊዝኛ የሚለውን ለሰው ስተረጉመው፣ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም፣ መረጃህን የሚሰርቅ ሊኖር ይችላል፣ ወደ ኋላ ተመለስ ማለት ነው። ኢሜይሉም እንዲያው፣ የፈተና ውጤቱም እንዲያው። ለሰሚው ግራ ይገባል፤ መስመሩ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ገጹ ግን ሌባ ሌባ ይላል። ተማሪዎቹ ከኔ በላይ አዋቂ ሆነው «ቫይረስ ነው» አሉ። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እነሱ ናቸው» አለኝ። እነሱ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁትም።

ያልሞከርኩት የለም። ብሮውዘሩን አጥፍቼ ጫንኩት፣ ሌላ ብሮውዘር አመጣሁ፣ የተከፈቱትን ገጾች ታሪክ አጸዳሁ፣ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፣ ገመዱን አውጥቼ እፍ አልኩበት። እፍ ማለቱን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ማስጠንቀቂያውን በግድ አልፌ ልግባ ስል ገሚሱ ገጽ ጭራሽ አያሳልፍም። የእናትየዋ ገጽ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ጽሑፉ ተበታትኖ ይመጣል እንጂ ፎቶ የሚባል የለም።

በመጨረሻ የሰርተፍኬቱን ዝርዝር ከፍቼ አነበብኩ። ማንኛውም ድረ ገጽ እኔ እኔ ነኝ ብሎ የሚያሳየው ሰርተፍኬት የሚባል ወረቀት አለው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል ተብሎ ይሰጠዋል። እነዚህ ሁሉ የተሰጡት ገና ባልደረሰ ዓመት ነው፤ ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ሳይወለድ ክርስትና የተነሳ ልጅ። ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየሁ፤ ልክ ነው። ግድግዳውን አየሁ፤ አንድ ናቸው። ቀንን በተመለከተ በጋሼ የሚጠረጠር ነገር አልነበረም። ስለዚህ መስመሩ መሃል የተቀመጠ አንድ ሰው ሐሰተኛ ወረቀት እየሰጠን ነው ብዬ ደመደምኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገረኝ ሠራተኛ ልክ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩና ፈራሁ።

እናትየዋ ሲመጡ ነገርኳቸው።

«የተበላሸው የኛው መስመር ነው፣ እማማ። እዚህ እንጂ ሌላ አገር አልተበላሸም።»

«እሱ ያለበት ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«እንግዲያ እኔ ባላየው ምን ቸገረኝ። እኔማ መልኬን አውቀዋለሁ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በየገበያው ቀን እየመጡ «ዛሬስ?» ይላሉ፤ «ዛሬም የኛው ነው» እላለሁ፤ ቀለል ብሏቸው ይሄዳሉ። ብልሽቱ እኛ ዘንድ መሆኑ ለሳቸው የምሥራች ነበር።

ነገሩ የገባኝ ለአንድ መምህር ማመልከቻ ስጽፍ ነው። ለውጭ ትምህርት የሚላክ ስለሆነ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍልኝ አለኝ። እንደ ወትሮዬ ከስክሪኑ ጥግ ቀኑን አይቼ ጻፍኩና «ዓ.ም.» አልኩ። ቀጥዬ «እ.ኤ.አ.» ብዬ ዓመቱን ለማስላት ስምንት ልጨምር ስል እጄ ቆመ። መምህሩ ፊደል የጠፋኝ መስሎት ከጀርባዬ አጎንብሶ አየ።

ኮምፒውተሩ የእኛን ዓመት ምኑ ያውቀዋል? የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጋሼ በየጠዋቱ የቤተ ክርስቲያኑን ቀንና ዓመት ሲሞሉለት ዓለምን ሁሉ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ጥሎ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ወረቀት ሁሉ ሐሰተኛ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ያን ቀን በየቀኑ እያየሁ በየደብዳቤው ላይ ስገለብጥ ሰንብቻለሁ። ልክ ስለሆነ ነው ያላየሁት። የተሳሳተ ቢሆን ኖሮ ወዲያው አየው ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው ተቆጡ።

«ቀኑ ተሳስቷል ነው የምትለኝ?»

«አልተሳሳተም፣ ጋሼ። ለማሽኑ ግን የፈረንጁን ነው የምንሰጠው።»

«ማሽኑ ያለው የት ነው?»

«እዚሁ ሰቆጣ።»

«እንግዲያ የሰቆጣን ቀን ይልመድ» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሰው የፈረንጁን ቀንና ዓመት በቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱም አቆጣጠር ያማርሩኛል።

ቀኑንና ዓመቱን ባስተካከልኩባት ቅጽበት ገጹ ሁሉ ተከፈተ። ኢሜይሉ መጣ፣ የተማሪው ውጤት መጣ፣ ቤቱ በሰው ሞላ። ሰቆጣ ውስጥ በተማርኩት ትምህርት አንድ ነገር ስጠግን የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል። የእናትየዋን ገጽ ቀድሜ አልከፈትኩትም። በገበያ ቀን አብረን እንድናየው ፈለግሁ፤ ፊታቸውን ማየት አምሮኝ ነበር።

መጡ። ገና ከደጃፉ «ተሠራ፣ እማማ» አልኳቸው። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና አድራሻውን ጻፍኩ።

ቀዩ መጣ። «አልሸሹም ዞር አሉ» እንደሚባለው ሆነ። መጀመሪያ ቀኑን አየሁ፤ የፈረንጁ ዓመት፣ ልክ ነው። ሌላ ገጽ ከፈትኩ፤ ይከፈታል። ወደሳቸው ገጽ ተመልሼ የሰርተፍኬቱን ዝርዝር አነበብኩ። በዚህ ጊዜ ገና ያልደረሰ አላለም፤ ጊዜው አልፎበታል ነው ያለው። ወረቀቱ መታደስ ነበረበት፤ ያደሰው የለም። እኛ ከራሳችን ሰዓት ጋር ስንታገል በሰነበትንበት ጊዜ ውስጥ ነው ያለቀው። የነዚያ ዘመድ አገናኝ ሰዎች ቢሮ ተዘግቶ ታፔላው መውረዱን ሰምቼ ነበር፤ ሰምቼም ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም።

ከማስጠንቀቂያው ሥር ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ተጭኜ በግድ ገባሁ። አሁን ፎቶው ወጣ።

«ይኸው አለሁ» አሉ፤ በጣታቸው ስክሪኑን ነክተው። ነጠላው፣ ግንባሩ፣ ያ ፍጥጥ ያለ ዓይን። ከሥሩ ምልክት የለም። «እሱም እንዲህ ነው የሚያየኝ?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ለስንት ገበያ ስለው የኖርኩት እሱን ነው፤ አሁን ግን እውነቱን ነገርኳቸው።

«መጀመሪያ ያ ቀዩ ይመጣበታል።»

«እሱም ዘንድ?»

«ሁሉም ዘንድ። አሁን የተበላሸው የኛ አይደለም፣ የነሱ ነው።»

«ቀዩ ምን ይላል?»

«ሌባ ሊኖር ይችላል፣ ተመለስ ይላል።»

ፎቷቸውን መልሰው አዩት። ከዚያ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ሁሉ «የኛን እንዳስተካከልከው የነሱንም አስተካክለዋ» አሉኝ። በእጄ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ቢሆንም እያዩኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከገጹ ግርጌ ወዳለው አድራሻ፣ እባካችሁ ሰርተፍኬታችሁን አድሱ፣ ሰው እየጠበቀ ነው ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ ወዲያው ተመለሰ። አድራሻው የለም ይላል።

«አንተ በየት በኩል አለፍከው?»

«ከሥር ትንሽ ጽሑፍ አለች። እሷን ተጭኜ።»

«እሱ ያውቃታል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ሰበሰቡና ተነሱ። እግራቸው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አሉ።

«ሌባ መንገድ ላይ ገፎታል፤ ባለፈው ሲደውል የሰው ስልክ ነው የያዘው። ሌባ አለ ካሉት አያልፍም። ልጄ ሰው የሚሰማ ነው፤ ተመለስ ካሉት ይመለሳል።»

ወጥተው አህያቸውን ፈቱ። እኔ ገጹን ሳልዘጋው ብዙ ቆየሁ፤ በዚያን ሰዓት በዓለም ላይ ያን ፎቶ እያየ ያለ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።