ሬዲዮዋ ትረፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ አምፕሊፋየሩ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎበት ከጠዋት ጀምሮ ሲያስጮኸው ውሎ የጋለ አቧራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሳሎን ስገባ ከአፌ የወጣው «ትረፍ እንጂ፣ እሷስ አይደክማትም?» የሚል ነበር። ቁጣው የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የጋሽ ቶሎሳ።

ጋሽ ቶሎሳ በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በአንድ ግቢ አብረውን የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ነበሩ። ስትከፈት አረንጓዴ ዓይኗ ቀስ ብሎ የሚበራ ባለ አምፖል ሬዲዮ ነበረቻቸው። እንደ እሷ ያለ ቅምጥል አላየሁም። ዳንቴል ለብሳ ትውላለች። የናዝሬት ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ለእሷ ሲባል መስኮት ይዘጋል፣ እኛ በሙቀት እንቀቀላለን። ልትከፈት ስትል ዳንቴሉ በአራት ይታጠፋል፣ ጀርባዋ በዶሮ ላባ ይጠረጋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሶኬት የሚሰካው። ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለው ያያሉ፣ ቀጥሎ ጣሪያው ላይ ያለውን የአንቴና ሽቦ፣ መጨረሻ ላይ ፊውዙን። ሁልጊዜ ፊውዙ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዘለልም።

ይህን ሁሉ ታግሠን ዜናው አልቆ ዘፈን ሲጀመር ቀጭ አድርገው ያጠፏታል። «ትረፍ እንጂ፣ እሷስ አይደክማትም?» እንዴት ያበግኑኝ እንደነበር። ሰፈርተኛው ቆንቋና ይላቸዋል። ለነገሩ ምክንያት ነበራቸው፤ ጠጋኙ «ትራንስፎርመሯ ደክሟል፣ ስትግል ያጥፏት፤ ከተቃጠለ ምትክ የለውም» ብሏቸዋል። ሬዲዮዋን ከሚስታቸው ጋር ነው የገዟት። ዳንቴሉንም የሠሩት ሟቿ ናቸው።

ልብስ ሰፊዋ እትዬ አስካለ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትኖር ነበር። አንድ ልጇ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ደብዳቤው ተቋረጠ። ሰዎች በሹክሹክታ፣ የወዲያኛው ወገን ሬዲዮ የምርኮኞችን ስም ያነባል አሏት። ያን ጣቢያ ማዳመጥ ያሳስራል፤ የእኛ ትንሿ ሬዲዮ ደግሞ አትስበውም። ለጋሽ ቶሎሳ ነገረቻቸው፣ እሺ አሏት።

እሺ ማለቱን እሺ አሉ፤ ማሳረፉን ግን አልተዉም። ስሞቹ እየተነበቡ ሬዲዮዋ ስትግል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ኦብሲ፣ ታገሺ አስካለ፤ ነገም ያነባሉ» ብለው ያጠፋሉ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አንድ ቀን እናቴ ቆሽቷ አርሮ፣ «ጋሼ፣ ከሰው ልጅ ዕቃ ይበልጥብዎታል?» አለቻቸው።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ መስኮቱን ዘግተን፣ ድምፁን ቀንሰን ተቀመጥን። ስሞቹ በፉጨት መሃል ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ። የጋለው አቧራ ሸተተን። እትዬ አስካለ የጋሽ ቶሎሳን እጅ እጅ ታያለች። እጃቸው ወደ ማጥፊያው ሄደና ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ሽታው የላስቲክ ቃጠሎ ሆነ፤ ከጀርባዋ ቀጭን ጭስ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እየነደደች እኮ ነው» አለች እናቴ።

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

ያኔ የግርማ ስም ከነአባቱ፣ ከነከተማው ተነበበ። እትዬ አስካለ እልል እንዳትል ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረችው፤ ጎረቤት ይሰማላ። አረንጓዴው ዓይን ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ጋሽ ቶሎሳ አንቴናውን አላዩም፣ ፊውዙንም አልነኩም። ሶኬቱን ነቀሉ፣ እስክትበርድ ጠበቋትና ዳንቴሏን አለበሷት።

«አሁን ትረፍ» አሉ።

ደርግ ሲወድቅ ግርማ በእግሩ ገባ። ጋሽ ቶሎሳ ሲሞቱ ሬዲዮዋን ለእሱ ተናዘዙለት። ዛሬም ሳሎኑ ውስጥ ዳንቴሏን ለብሳ ትልቁን ቦታ ይዛለች፤ ትንፍሽ አትልም። ልጆቹ፣ ይቺን ለምን አንጥላትም እያሉ ይነዘንዙታል። እሱ ግን የዶሮ ላባውን አንሥቶ ጀርባዋን ይጠርጋል።