የሠላሳ ሁለት ዶላሩ ነጻ ምሳ

ማክሰኞ፣ በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 5:40፣ ቤድፎርድ፣ ቴክሳስ

ከቤቴ የወጣሁት ተናድጄ ነው። የተመለስኩትም ተናድጄ ነው። በመሃል የሆነውን ልጻፈውና እናንተም ፍረዱ።

እህቴ ወይንሸት እሁድ ደወለችልኝ። ባሏ ጌታሁን በየማክሰኞው፣ ሥራ በማይገባበት ቀን፣ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ ኦክላሆማ ካዚኖ ይሄዳል። ቁማር ልጫወት አይልም። ምሳ ልበላ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ ዓርብ የቤት ውል ልንፈርም ነው» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት የሚከፈል ነው። ስሜን ከስሙ ጋር ከማስገባቴ በፊት አብረኸው ሂድና እይልኝ። ምሳ ከሆነ ምሳ ነው በለኝ፣ ቁማር ከሆነ ቁማር ነው በለኝ። አንተ ሰው ይከፋዋል ብለህ አትዋሽም።»

እውነቷን ነው። ጓደኛ የሌለኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሌሊቱ የመጋዘን ሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሰማይ ሳይገላለጥ መኪናዬን አስነሣሁ። ወደ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ በሚታጠፈው መስመር ላይ የመኪናው የኋላ መብራት ተቀጣጥሏል። ሻንጣ ጫኚው፣ ጽዳቱ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም ቡናውን በግራ እጁ ይዞ ይገባል። እኔ ደግሞ የሰው ባል ልሰልል እሄዳለሁ።

7:00፣ ሜስኪት

መኪናዬን እነ ወይንሸት ግቢ ፓርክ አድርጌ የጌታሁን መኪና ውስጥ ገባሁ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል፣ ሽቶ ሁሉ ነስንሷል። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እዚህ የአውሮፕላን ማረፊያውን የፓርኪንግ አውቶቡስ ይነዳል።

«ጋሼ ካዚኖ ይሄዳል ብሎ ማን ያምናል!» ይላል እየሳቀ። «ሶ፣ ልንገርህ። ይሄ ቁማር አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ካርድ ይሰጡሃል፣ ማሽኑ ውስጥ ትከተዋለህ። አምስት ዶላር በተጫወትክ ቁጥር አንድ ነጥብ ታገኛለህ። ማክሰኞ አርባ ነጥብ የሞላ ሰው ምሳ በነጻ ይበላል።»

«ሁለት መቶ ዶላር ከስረህ?»

«ኖ! ማለቴ፣ ሁለት መቶ ታዞራለህ እንጂ አትከስርም። ማሽኑ ይወስዳል፣ ይመልሳል፣ ይወስዳል። በአርባ ሳንቲም ቁልፉን ትጫናለህ፣ ሃያ ትቆጥራለህ፣ ደግሞ ትጫናለህ። ዓመት ሙሉ ስመላለስ በአንድ ቀን ከአሥራ አምስት ዶላር በላይ ሄዶብኝ አያውቅም። ምሳው ሠላሳ ሁለት ዶላር ነው። የሸርጣን እግር አለው እኮ!»

«አገር ቤት ሸርጣን በልተህ ታውቃለህ?»

«የት አባቴ አግኝቼ?»

«ታዲያ ምኑ አማረህ?»

«ነጻ መሆኑ!» አለና መሪውን እየመታ ሳቀ።

8:10፣ ከዴንተን በላይ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ እዚሁ ዳላስ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ የማልፈው ሰሌዳ የለም። የጠበቃ ማስታወቂያ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ፣ «ኢየሱስ ያድናል»፣ የተጠበሰ ዶሮ። ዴንተንን ካለፍን በኋላ ግን ሰሌዳው ሁሉ የካዚኖ ሆነ። «ነጻ» የሚለው ቃል የቤት በር ያህላል። ከሥሩ ጉንዳን የምታክል ጽሕፈት አለች። መኪና በሰባ ማይል እየበረረ አትነበብም። እዚያ የተጻፈችውም እንዳትነበብ ነው።

ሜዳ፣ ላም፣ የነዳጅ መሳቢያ፣ ሜዳ። ከዚያ ቀዩ ወንዝ ይመጣል። ሸክላ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። ቴክሳስ የከለከለችው ነገር ድልድዩን ሲሻገሩት ይፈቀዳል። የመኪና ማቆሚያው ግን ከዳር እስከ ዳር የቴክሳስ ታርጋ ነው።

9:15፣ ካዚኖው

መስኮት የለም። ሰዓት የለም። ምንጣፉ ዓይን ያማል፣ አየሩ ሲጋራና የአበባ ሽቶ ነው። አንድ የመጋዘን ሰደርያውን ያላወለቀ ሰው ማሽኑ ፊት እንቅልፍ ወስዶታል። ካርዱ በተጠማዘዘ ገመድ ከደረቱ ወደ ማሽኑ ሄዷል፣ እትብቱ ያልተቆረጠ ሕፃን ይመስላል። ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በቀጥታ የመጣ ነው። ሳላናግረው አወቅሁት፣ እኔን ነው የሚመስለው።

ለእኔም ካርድ አወጡልኝ። አብሮ የተሰጠኝን ወረቀት ቆሜ አነበብኩ። ምሳው ለካርዱ ባለቤት ብቻ ነው፣ ለሌላ ሰው ማካፈል አይፈቀድም ይላል። መዝጋቢዋ ሴትዮ «ይህን ሲያነብ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ» አለችኝ።

ለጌታሁን ነገርኩት።

«እኔ ሁሌ ብቻዬን ነው የምበላው፣ አይመለከተኝም» አለ።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎሽ የተሳለበት ማሽን ነው። ጌታሁን አንዴ ይጫናል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሃያ ይቆጥራል፣ ይጫናል። ሲያበላው አይጮህም፣ ሲበላበት አይሳደብም። ቢነግሩኝ አላምንም ነበር፣ ባይኔ አየሁት። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ አስተማሪ እንጂ ቁማርተኛ አይመስልም። በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለወይንሸት የምነግራት ተዘጋጅቶልኝ ነበር፦ ምሳ ነው፣ ፈርሚ።

የእኔ ማሽን ግን ይዘፍንልኛል፣ ያበራልኛል፣ ይወስድብኛል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክፉ ቀን የመደብኳት ሃያ ዶላር አለቀች። ነጥቤ ሃያ ሁለት ነው። ተነሣሁና ከጌታሁን ኋላ ቆምኩ።

12:35፣ የምግብ ቤቱ በር

ጌታሁን አርባውን ሞላ። የሄደበት አሥራ አንድ ዶላር ነው። እጄን ይዞ እንደ ሙሽራ አባት እየተንጎራደደ ወደ ምግብ ቤቱ ወሰደኝ። በመስታወቱ በኩል ሥጋው ሲቆረጥ፣ የሸርጣኑ እግር ተቆልሎ ሲጨስ ይታያል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ምንም አልቀመስኩም።

በሩ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቱንም ካርድ አየች። «እርሱ ይገባል። አንተ ሠላሳ ሁለት ዶላር ትከፍላለህ፣ ወይም አሥራ ስምንት ነጥብ ይቀርሃል። ሁለት ሰዓት ላይ እንዘጋለን።»

ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ተለወጠ።

«ግባና ብላ» አልኩት።

«አማቼን በር ላይ አቁሜ እኔ ልብላ? ምን ነካህ ጋሼ?»

«አልራበኝም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሆድህ ሲጮህ እየሰማሁት!»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ኪሴ ውስጥ ሰማንያ ዶላር ነበረኝ። ሠላሳ ሁለቱን ከፍዬ ብገባ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልከፈልኩም። ነጻ ነው ብሎ ላመጣኝ ቤት አንድ ሳንቲም አልጨምርም አልኩ። እልህ ነው። ሌላም ነገር ነበር፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

«ካርድህን አምጣ፣ አሥራ ስምንት ነጥብ ምን አላት!» አለና ነጠቀኝ።

1:00፣ ጎሹ ማሽን

በአርባ ሳንቲም ቢጫወት ምግብ ቤቱ ይዘጋብናል። ስለዚህ ሦስት ዶላር ላይ አደረገው። ሃያ መቁጠሩም ቀረ። የያዘው ጥሬ ብር ሲያልቅ ወደ ገንዘብ ማውጫው ሄዶ፣ ከእሱና ከወይንሸት የጋራ ሒሳብ መቶ አርባ ዶላር አወጣ።

1:20 ሲል የእኔ አርባ ነጥብ ሞላ።

«ሞላ፣ ተነሥ» አልኩት።

«ሰማንያ ሄዳብኛለች። ኦኬ፣ እሷን ብቻ ልመልሳት።»

«ምሳው ይዘጋል።»

«አምስት ደቂቃ፣ ጋሼ!»

ያ ዓመት ሙሉ ሃያ ሲቆጥር የኖረ ሰው ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ። አንገቱ ሥር ላብ አየሁ። መቶ አርባው አለቀ። ደግሞ ሄዶ ሁለት መቶ አወጣ።

ያልኳችሁ ሌላው ነገር ይኸውላችሁ። ልከለክለው እችል ነበር። ክንዱን ይዤ ባነሣው ይነሣ ነበር፣ ያከብረኛል። ዝም ያልኩት ልየው ብዬ ነው። እስከ የት እንደሚሄድ ማወቅ ፈለግሁ። የተላክሁት ለማየት አይደል?

ሁለት መቶው ሲያልቅ ቀና አልን። ምግብ ቤቱ በሩን ዘግቶ ወንበር እያነሣ ነው። ሁለታችንም የሞላ ካርድ ይዘን፣ ሁለታችንም ጦማችንን ወጣን።

እናንተ በየማኅበሩ ሳህን ይዛችሁ «እኔ እዚያ በነጻ ነው የምበላው» የምትሉ፣ እናንተን ነው የምላችሁ። ማንም ለእናንተ ብሎ ሸርጣን አይቀቅልም። አንድ ማክሰኞ እስክትሳሳቱ ሃምሳ ማክሰኞ ያበሏችኋል። ደግሞ የምትሳሳቱት በክፋት አይደለም። ሰው ይዛችሁ በሄዳችሁ ቀን፣ እንግዳዬ ቆሞ እኔ አልበላም ባላችሁ ቀን ነው። ያቺ ጉንዳን የምታክል ጽሕፈት ይህን ሁሉ ታውቃለች።

3:30፣ ወደ ደቡብ

ነዳጅ ማደያ ቆመን አንድ ሳንድዊች ለሁለት ቆረስን። የከፈልኩት እኔ ነኝ። ጌታሁን የእሱን ግማሽ አልነካውም።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ «እሷ ናት የላከችህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ገብቶኝ ነበር። ጠዋት ሸሚዝ የተኮስኩት ለዚያ ነው።» መንገዱን እያየ ነው የሚናገረው። «እንዳየህ ንገራት።»

ቢለምነኝ ጥሩ ነበር። ቢለምነኝ እቆጣው ነበር።

4:45፣ ሜስኪት

ወይንሸት በሩን ከፍታ ቆማለች። ጌታሁን ከኋላዬ ነው።

«እሺ ጋሼ? ምሳ ነው ወይስ ቁማር?»

«እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ምሳ ነበር። ከዚያ ቁማር ሆነ። ከሒሳባችሁ ሦስት መቶ አርባ ዶላር ሄዷል። የጀመረው እኔን ላብላ ብሎ ነው።»

ወደ እሱ አልዞረችም። «አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«አጠገቡ ቆሜ።»

«ምሳው ስንት ነው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

«ኪስህ ውስጥስ?»

«ሰማንያ።»

«እይልኝ አልኩህ እንጂ ፈትንልኝ አልኩህ?» አለች።

እጇን በእኔ በኩል አሳልፋ ወደ ጌታሁን ዘረጋች። «የባንኩን ካርድ አምጣ። ዓርብ አብረን እንፈርማለን፣ ካርዱ ግን እኔ ጋ ይቀመጣል።» አውጥቶ ሰጣትና ራሱን ዝቅ አድርጎ አልፎኝ ገባ።

እኔም ተከትዬው ልገባ ጎንበስ ብዬ የጫማ ማሰሪያዬን መፍታት ጀመርኩ።

«ጫማህን አታውልቅ» አለችኝ በሩን እየዘጋች።