በሽጉጡ ጎን የሚቀረጸው ስም

ማልተን ከተማ ውስጥ ሽጉጥ የሚሠራው ሰው ሩበን ታክሬይ ይባላል፤ ሽጉጦቹ ላይ የሚነበበው ግን ጋርበት ነው። ጋርበት ጌታው ነበር፤ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ደንበኛ የሚያምነው የለመደውን ስም ነውና ሱቁ በሟቹ ስም ቀጠለ። ሩበን ከበርሚንግሃም የሚመጣውን ሻካራ ብረት ይሞርዳል፣ እጀታውን ከእንጨት ይጠርባል፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚመታውን መዶሻ ድምፁን እያዳመጠ ያስተካክላል። ሲጨርስ የሌላ ሰው ስም ይቀርጽበታል። ለሚያየው ያንገበግባል።

ሚስቱ ዶርካስ፣ «ያገባሁት ታክሬይን ነው፤ ገበያ ስወጣ ግን የጋርበት ሚስት ነኝ። ሟቹ ቢሰማ ምን ይል ይሆን?» ትለዋለች።

«ደስ ይለዋላ። የሱ ሚስት እንዳንቺ ቆንጆ አልነበረችም።»

ይቀልዳል እንጂ ዓይኑ ሳይደክም አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ የራሱን ስም ብረት ላይ ማየት ይመኝ ነበር።

በኅዳር የጋርበት መበለት አረፈች። ሱቁን ለሩበን ተናዛለት ነበር፤ ከእንግዲህ በራሱ ስም እንዲሠራም ፈቅዳለታለች። አንድ የወፍጮ ባለቤት ያዘዛቸው ጥንድ ሽጉጦች ስም ብቻ ነበር የቀራቸው።

በማግስቱ ማለዳ የወንዙ ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ሩበን እንደ ልማዱ ፊደሉን አስቀድሞ ሳይነድፍ መቅረጫውን ያዘ። ብረቱ እንደ ፀጉር እየቀጠነ ይላጣል። ሐሳቡ ጉሙን ተከትሎ ሄደ፤ አባቱ በጎች ሲያሻግር፣ ዶርካስ በሰርጓ ቀን ስትስቅ፣ የማያውቀው የባሕር ዳርቻ ታየው። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ፍቅፋቂውን እፍ ሲል ብረቱ ላይ «ጋርበት» የሚል ተጽፏል።

ዶርካስ መጥታ አየችው። «ሞርደህ አጥፋዋ።»

«ብረቱ ይሳሳል፤ መዶሻውን አይሸከምም።»

«ሁለተኛው ላይ የራስህን ጻፍ እንግዲያ።»

«ጥንድ ናቸው እኮ። ጥንድ ሁለት ስም የለውም።»

«ለሚቀጥለው ይሁንልህ ታዲያ።»

ሩበን ቀኝ እጁን ገልብጦ ተመለከተ። «ዶርካስ፣ እጄ ስሜን አያውቀውም» አላት።

የመጀመሪያውን በሕልም ውስጥ እንዳለ በሩብ ሰዓት ነበር የጨረሰው። ሁለተኛውን «ጋርበት» እያወቀ ስለቀረጸው እስከ ምሳ ፈጀበት፤ ዶርካስም ሥራዋን ትታ እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች።