ቆርጬ የጣልኩት ቦታ

ቢቸና ሳለሁ ፎቶ ማንሳት ያስተማሩኝ ሰውዬ አንድ አመል ነበራቸው። ደንበኛውን ያስቀምጣሉ፤ አገጩን በሁለት ጣታቸው ቀና ያደርጋሉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ዝም ብለው ያዩታል። ተመልሰው ትከሻውን ያስተካክላሉ። እንደገና ያዩታል። ደንበኛው ላብ ላብ ይለዋል። «ፎቶ የሚያምረው ሰውየው ሲቀመጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጌጥ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ እኚህ ሰው ኮምፒውተር ስለማያውቁ ነው እል ነበር።

አግብቼ ሞጣ ስገባ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ዘመኑ የኢፌክት ነበር። ሙሽሮችን ፏፏቴ ሥር አቆማለሁ፤ ፊት አነጣለሁ፤ ጥግ ጥጉን በጽጌረዳ እሞላለሁ። አንዱን ዲያቆን ከነመቋሚያው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ባቆምኩት ጊዜ ደስ ብሎት ሦስት ፍሬ አሳጠበ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ።

ያን ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ስሞት ተዝካሬን የሚያወጣልኝ የለም ብለው በቁማቸው ሊያወጡት ተነሥተዋል። ለድግሱ ቀን የሚሰቀል፣ ኋላም ለለቅሷቸው የሚሆን ፎቶ ፈልገው ነው የመጡት።

«ከቀበሌ መታወቂያዬ ላይ አጉልተው እንዳይሸከሙኝ» አሉና መታወቂያውን አሳዩኝ። ማኅተሙ ግማሽ ጉንጫቸውን ውጦታል። እውነታቸውን ነው።

አግዳሚው ወንበር መሀል ላይ አስቀመጥኳቸው። ካሜራዬን አስተካክዬ ቀና ስል ጫፉ ላይ ናቸው። «እማማ፣ ወደ መሀል ጠጋ ይበሉልኝ» አልኳቸው። ጠጋ አሉ። ቀና ስል እንደገና ጫፉ ላይ። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና፣ ኮምፒውተሩ ምን ሥራ አለው ብዬ እንዳሉ አነሣኋቸው።

ሥራዬን እንዴት እንደወደድኩት! ባዶውን ግማሽ ቆርጬ ጣልኩና እማማን መሀል አመጣኋቸው። የፊታቸውን መስመር ሁሉ አለሰለስኩት። ከኋላቸው ሰማያዊ ደመና፣ ከደመናው ላይ ሁለት ርግብ። የአንገታቸውን ንቅሳት እንኳ እንደ እድፍ ጠርጌው ኖሯል፤ ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

እማማ ፎቶውን ሊወስዱ መጥተው ዓይናቸው አጠገብ አስጠግተው አዩት፤ ደግሞ አራቁት።

«ይቺ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«ይሁን። ቦታውንስ ምን አደረግሽው?»

«የምን ቦታ?»

«ከጎኔ የነበረው።»

ተናደድኩ። «ባዶ ቦታ ነው እኮ እማማ! ፎቶ ላይ ባዶ ቦታ አያምርም» አልኩ።

ያኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ፤ ያችው ጫፍ ላይ።

«ቢቸና አንዲት ታናሽ እኅት አለችኝ» አሉ። «ባሌ ሲሞት ለቅሶዬን አልደረሰችም ብዬ ቂም ያዝኩባት። ለካ አራስ ነበረች፤ እንዳትደነግጥ ብለው መርዶውን ደብቀዋታል። ይኼን ስሰማ ጊዜው ሄዷል፤ ከሰማሁም ወዲያ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እንዲሁ ሃያ ዓመት አለፈን። አሁን ለተዝካሬ ነይ ብዬ ልኬባታለሁ። ከመጣች ፎቶው ላይ ቦታዋን ታየዋለች። ይቅር በይኝ ማለቱን እንደሁ አልችልበትም።»

እኔ ብልጧ አሁንም መላ አላጣሁም። «ቢቸና ጉርድ ፎቶ አይጠፋላቸውም፤ አስልኬ ከጎንዎ አስቀምጣቸዋለሁ። ማንም አይለየውም» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ አንቺ ብታስቀምጫትማ መጣች ይባላል?»

አፈርኩ። የምሬን ነው የምለው፣ መግቢያ አጣሁ።

እሳቸውን ሸኝቼ ዋናውን ፎቶ ከፈትኩና እንደገና ጀመርኩ። ደመናው ወጣ፤ ርግቦቹም በረሩ። የፊታቸውን መስመር ለቀቅኩት፤ ንቅሳቱም ተመለሰ። ግድግዳው ስለጨለመ ብርሃን ብቻ ጨመር አደረግሁ። ያኔ ነው ቀኝ እጃቸውን ያየሁት፤ በባዶው አግዳሚ ላይ መዳፋቸውን ዘርግተው ለሰው ቦታ ይዘዋል። ቀድሞ ስቆርጥ እጃቸውንም ጭምር ነበር የጣልኩት። የቢቸናው መምህሬ ትዝ አሉኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ ይኮሩብኛል።

የድግሱ ዕለት ተጠርቼ ሄድኩ። ፎቶው የዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ። እማማ ሰውን ብሉ ጠጡ እያሉ ዓይናቸው ግን ዳሱ በር ላይ ነው። እኔም በሩን በሩን አያለሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ሴትዮ አቧራ ለብሰው ገቡ። መኪናው ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነበር። ማንንም ሳይስሙ ፎቶው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይሄ ባዶው የማነው?» አሉ።

«ያንቺ ነው» አሉ እማማ።

ሴትዮዋ ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ምነው እንዲህ አጠበብሽው? እኔ እኮ ወፍሬያለሁ!» አሉ። ዳሱ ሳቀ። ሁለቱ ግን ተቃቅፈው ያለቅሱ ነበር፤ እኔም ተቀላቀልኩ።

በነጋታው ሁለቱም ፎቶ ቤቴ መጡ። አግዳሚው ላይ ጠጋ በይ፣ አንቺ ጠጋ በይ ሲባባሉ አነሣኋቸው። ታናሽየዋ ግድግዳውን አይተው፣ «ሰው ሁሉ የሚያወራለት ፏፏቴ የታለ?» ቢሉኝ ፏፏቴውን ከኋላቸው ለቀቅኩላቸው። በደንብ ስለተቀመጡ ፏፏቴውም አልከፋባቸውም።

ከዓመታት በኋላ ታናሽየዋ ጥቁር ለብሰው ብቻቸውን መጡ። ሳይነግሩኝ ገባኝ። ሁለቱ አብረው የተነሡትን ነው የሚፈልጉት ብዬ ባለፏፏቴውን ከፈትኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ፊተኛው ስመለስ ጣታቸውን ባዶው አግዳሚ ላይ፣ ያቺ የተዘረጋች እጅ አጠገብ አሳረፉ።

«ይሄኛውን እጠቢልኝ» አሉ። «ቦታዬን እንዳትቆርጪው።»